አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት፦ ስለ ሰርግ ፎቶ ኤዲቲንግ መዘግየት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሐዋሳ ውስጥ የሚሠራ አንድ የሰርግ ፎቶ ባለሙያ በአንድ ሰርግ 2,800 ያህል ፎቶ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያነሣል፤ ከእነዚህም 600 ያህሉን አስተካክሎ ለሙሽሮቹ ያስረክባል፤ ለዚህ ሥራ ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል። ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ነው። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ሲሆን፣ ኤስኤስዲው ላይ የቀረው ባዶ ቦታ 11 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ፎቶዎቹም ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ካታሎግም (የፎቶዎቹ መዝገብ) የሚገኙት በአንድ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። «ላይትሩም ከፎቶ ወደ ፎቶ ስሻገር ሦስት አራት ሰከንድ ያስጠብቀኛል፤ ፎቶሾፕ ደግሞ ስክራች ዲስክ (ጊዜያዊ የሥራ ቦታ) ሞልቷል እያለ ሥራዬን ያቋርጠዋል። ትንሽ ገንዘብ ቆጥቤአለሁ። አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ሶፍትዌሩን የማፈጥንበት መንገድ አለ?» ሲል ይጠይቃል።

መልሴ አይግዙ የሚል ነው፤ ቢያንስ አሁን አይግዙ። የገለጹት ነገር የደከመ ፕሮሰሰር ምልክት አይደለም። ኮምፒውተርዎ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው በስሌት ሳይሆን ፋይል እስኪመጣለት በመጠበቅ ነው። ይህን እኔ የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ እርስዎ መዘግየቱ ሲያንገፈግፈኝ ጠንካራ ዴስክቶፕ ገዛሁ፤ የድሮውን ኤክስተርናል ዲስክ ከነካታሎጉ ነቅዬ አዲሱ ላይ ሰካሁት፤ ላይትሩም እንደ ድሮው ይንፏቀቅ ጀመር። ሻጩን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስረግም ከርሜ ጥፋቱ የራሴ መሆኑ የገባኝ ካታሎጉን ወደ ውስጠኛው ኤስኤስዲ የገለበጥኩ ዕለት ነው።

ደግነቱ መገመት ሳያስፈልግ መለካት ይቻላል። ላይትሩም ውስጥ ከፎቶ ወደ ፎቶ እየተሻገሩ ሳሉ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑና ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ የኤክስተርናል ዲስኩ መስመር 100 ከመቶ ላይ ተጣብቆ ፕሮሰሰሩ 20 ወይም 30 ከመቶ ላይ ሲንገላወድ ካዩ ጥፋተኛው ዲስኩ ነው። ለፎቶሾፕም የራሱ መለኪያ አለው፦ ከመስኮቱ ግርጌ በስተግራ የፋይሉ መጠን ከሚጻፍበት አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጭነው ኤፊሸንሲ የሚለውን ይምረጡ። ቁጥሩ 100 ከመቶ ከሆነ ሥራው ሁሉ ራም ውስጥ እያለቀ ነው፤ ከዚያ ከወረደ ግን ፎቶሾፕ ራም አልበቃው ብሎ ወደ ስክራች ዲስክ መጻፍ ጀምሯል ማለት ነው። የእርስዎ ስክራች ዲስክ ደግሞ 11 ጊጋባይት የቀረው ያው ኤስኤስዲ ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ ራም ሲያጥረው የሚጽፈውም እዚያው ላይ ስለሆነ ሁለቱ ይሻማሉ፤ «ሞልቷል» የሚለውም መልእክት የሚመጣው በዚህ የተነሣ ነው።

የሚሽከረከር ኤክስተርናል ዲስክ በዩኤስቢ 3 ሲሰካ በሰከንድ 100 ሜጋባይትን ትንሽ አለፍ የሚል ንባብ ይሰጣል፤ በዩኤስቢ 2 በኩል ከተሰካ ግን የሚያልፈው ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ መሰኪያዎች ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቀው በዘገምተኛው ይጠቀማል፤ ዩኤስቢ 3 በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ውስጡ ሰማያዊ ነውና ዛሬውኑ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። አንድ ሮው ፋይል 27 ሜጋባይት ቢሆን 2,800ው 75 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ይህን ለማንበብ በዩኤስቢ 2 ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ በዩኤስቢ 3 ደግሞ 12 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚህ የከፋው ግን የካታሎጉ ጉዳይ ነው። ካታሎግ የፎቶ ማኅደር ሳይሆን ዳታቤዝ ነው፤ አንዲት ስላይደር (የማስተካከያ ተንሸራታች) ባንቀሳቀሱ፣ አንድ ኮከብ በሰጡ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ከአጠገቡ ያለው የፕሪቪው (የፎቶዎቹ ማሳያ ቅጂ) ፎልደርም በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች የተሞላ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ ባይከፋም፣ ጥቃቅኑን ከየቦታው እየለቀመ ሲያነብ ግን የማንበቢያ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ጊዜው ያልቃል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ችግር አይነካውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ካታሎጉንና ፕሪቪዎቹን ወደ ላፕቶፑ ኤስኤስዲ ማዛወር፣ ለዚህም ቦታ ማስለቀቅ ነው። በአብዛኛው ዲስኩን የሚሞላው ዳውንሎድስ ውስጥ የተረሳ ቪዲዮና የቴሌግራም ክምችት ነው፤ ያን ሁሉ ወደ ኤክስተርናሉ ያውርዱት። እኔ የፎቶሾፕ ስክራች በሚገኝበት ዲስክ ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ 60 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እተዋለሁ። ከቆጠቡት ገንዘብ ላይ ትንሽ ቆንጥረው አንድ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ቢገዙ፣ በእጅዎ ያለው ሰርግ ሮው ፋይሎች እዚያ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚሽከረከረው ዲስክ ያለቀለት ሥራ መጋዘን ይሆናል። ሁለተኛው ግዢ ራምን ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደግ ነው፤ ነገር ግን በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ መጨመር ስለማይቻል፣ ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን አስከፍተው ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘጠኙን ቀን የበላው ዲስኩ ብቻ አይመስለኝም፤ የሥራው ቅደም ተከተልም ድርሻ አለው። አንድን ፎቶ ለማየት ሦስት ሰከንድ ከጠበቁ፣ 2,800 ፎቶ አንድ ዙር ለማየት ብቻ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በባዶ ይቃጠላል፤ አብዛኞቻችን ደግሞ አንድ ዙር አይበቃንም። ስለዚህ ምርጫና ማስተካከል ፈጽሞ አይደባለቁ። ፎቶውን ወደ ላይትሩም ሲያስገቡ፣ ፕሪቪው በሚለው ቦታ ኢምቤድድ ኤንድ ሳይድካር የሚለውን ይምረጡ። ካሜራው እያንዳንዱ ሮው ውስጥ አንድ የተዘጋጀ ጄፔግ አብሮ ያስቀምጣል፤ ይህ ምርጫ ላይትሩም የራሱን እስኪሠራ ሳይጠብቁ ያንኑ ያሳይዎታል። አንዳንድ ካሜራዎች የሚያስቀምጡት ጄፔግ አነስተኛ ስለሆነ የዓይን ጥራትን አጉልቶ ለማረጋገጥ አይበቃም፤ ዓይን የጨፈነን፣ የተንቀጠቀጠንና የተደጋገመን ለመጣል ግን ከበቂ በላይ ነው።

ምርጫውን ሲሠሩ ካፕስ ሎክን ያብሩ። ካፕስ ሎክ በርቶ ሳለ «ፒ» ሲጫኑ ፎቶው የተመረጠ ሆኖ ይመዘገብና ቀጣዩ ራሱ ይመጣል፤ «ኤክስ» ሲጫኑ ደግሞ ተጥሎ ቀጣዩ ይመጣል። እጅ ከሁለቱ ፊደላት ሳይነሣ፣ ማውዝ ሳይነካ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ዙር ስላይደር መንካት ክልክል ነው፤ «ይችን ብቻ ትንሽ ላብራት» የሚለው ፈተና ስንቱን ከሰዓት እንደበላው የማያውቅ ኤዲተር ያለ አይመስለኝም። የተጣሉትን ግን አልበሙ ታትሞ እስኪረከብ ድረስ አይሰርዟቸው፤ የሙሽራዋ አክስት «እኔ ያለሁበት የታል?» የምትለው ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን ነው።

ምርጫው ሲያልቅ በእጅዎ 600 ፎቶ ይቀራል። ለእነዚህ ብቻ ስማርት ፕሪቪው ያሠሩ፤ ይህ ረጅሙ ጎኑ 2,540 ፒክስል የሆነ፣ ከሮው ፋይሉ እጅግ የቀለለ ቅጂ ነው። ከዚያም በፕሪፈረንስ ውስጥ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ከኦሪጅናሉ ይልቅ ስማርት ፕሪቪውን እንዲጠቀም የሚያዘውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ አንድ ምልክት አላውቅም። ዲስኩን ነቅለውም ቢሆን ሥራው አይቋረጥም። ስማርት ፕሪቪው የሚያታልለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻርፕነስንና ኖይዝን በትክክል ስለማያሳይ እነዚህን ለመመርመር ኦሪጅናሉ መሰካት አለበት።

ቀጥሎ ፎቶዎቹን በሰዓት ሳይሆን በብርሃን ይክፈሏቸው። የእኛ ሰርግ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ጠዋት በሙሽራዋ ቤት ቢጫ አምፖልና የመስኮት ብርሃን የተደባለቀበት፣ ከዚያ የመናፈሻው ግልጽ ፀሐይና ጥላ፣ ከዚያ በቀለማት የሚቀያየረው የአዳራሹ ኤልኢዲ፣ በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ደግሞ መልሱ። ከየክፍሉ አንድ ፎቶ ብቻ መርጠው አጥግበው ያስተካክሉ፤ ከዚያ የቀሩትን ከእርሱ ጋር መርጠው በኮንትሮል፣ ሺፍትና «ኤስ» ያዛምዷቸው። በሚከፈተው ሣጥን ውስጥ ክሮፕን (ቆረጣን)፣ ሂሊንግን (እንከን ማጥፊያን) እና ማስክን (የተመረጠ ቦታን ብቻ የሚያስተካክለውን) ምልክት አያድርጉባቸው፤ በተለይ ሰውን ወይም ሰማይን ራሱ እየለየ የሚሠራው ማስክ ለእያንዳንዱ ፎቶ እንደገና መሰላት ስላለበት፣ በ200 ፎቶ ላይ ከለጠፉት ማሽንዎ እስከ ማታ አይነሣም። በአዳራሹ ክፍል የካሜራው ኤክስፖዠር (የብርሃን አወሳሰድ) መቼት ከፎቶ ፎቶ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ሴቲንግስ በሚለው ሜኑ ውስጥ ያለው ማች ቶታል ኤክስፖዠርስ ከምሳሌው ፎቶ ጋር ብርሃናቸውን ያመጣጥናል፤ ይህን ትእዛዝ ብዙ ሰው ሳያውቀው ፎቶ በፎቶ ስላይደር ይጎትታል።

ነጭ ልብስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በሐበሻ ሰርግ ኤዲቲንግ ጊዜ ከሚበሉት ነገሮች ዋነኛው እርሱ ነውና። ብዙዎቻችን ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ለማስተካከል መምረጫዋን ነጠላው ላይ እናሳርፋለን። ነገር ግን በእጅ የተፈተለ ጥጥ ለዓይን ነጭ ይምሰል እንጂ በጥቂቱ ወደ ክሬም ያደላል፤ ሶፍትዌሩ ያን ክሬም ወደ ግራጫ ሲያስተካክል ፎቶው ሁሉ ወደ ሰማያዊ ይሳባል፤ የሙሽራዋም ፊት ይገረጣል። ከዚያ ፊቱን ለመመለስ ቢጫ እንጨምራለን፤ ጥልፉ ይበላሻል፤ እንደገና እንጀምራለን። በየቦታው ሥራ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ግራጫ ካርድ ሙሽራዋን አስይዘው ቢያነሡ፣ ይህ ሁሉ ምልልስ በአንድ ጠቅታ ያልቃል። ኤክስፖዠሩንም ቢሆን ካሜራው ላይ በሙሽራዋ ፊት ሳይሆን በቀሚሱ መጥነው፣ የነጩ ሽመናና የካባው የወርቅ ጥልፍ እንዳይቃጠል ማድረግ ይሻላል፤ ሮው ጥላን ማንሣት ይፈቅዳል፤ የተቃጠለን ነጭ ግን የትኛውም ስላይደር አይመልሰውም።

በዚህ መንገድ ከሠሩ፣ ከ600ው ውስጥ ፎቶሾፕ በእውነት የሚያስፈልጋቸው 40 ያህል ብቻ ይሆናሉ፤ የአልበሙ ሽፋን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ትልልቅ ፍሬሞች፣ ፊት የሚጎላባቸው ፖርትሬቶች። ሁሉንም ፎቶ ወደ ፎቶሾፕ መውሰድ የፎቶ ቤት ዘመን ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አለመስማማት ይቻላል።

እዚያም ቢሆን ክብደቱን የምንፈጥረው ራሳችን ነን። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6,000 በ4,000 ፒክስል ነው፤ በ8 ቢት (ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ባይት) ሦስቱ ቀለማት ሲባዙ አንድ ሙሉ ሌየር (የፎቶ ንብርብር) 72 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ በ16 ቢት ደግሞ 144 ሚሊዮን። ላይትሩም ፎቶ ወደ ፎቶሾፕ ሲልክ ካልቀየሩት በስተቀር 16 ቢት አድርጎ ነው። እያንዳንዱን እርምጃ በኮንትሮልና «ጄ» ሌየር እያባዙ የሚሠሩ ከሆነ፣ አምስት ጊዜ ብቻ ቢያባዙ ከመነሻው ጋር ስድስት ሌየር፣ ማለትም ወደ 864 ሚሊዮን ባይት ደርሰዋል፤ ሂስትሪው (ወደ ኋላ ለመመለስ የሚቀመጡት እርምጃዎች) ገና አልተቆጠረም። በተለመደው ማተሚያ ለሚታተም አልበም 8 ቢት ይበቃል፤ በላይትሩም ኤክስተርናል ኤዲቲንግ ገጽ ላይ ይቀይሩት። ሰፊ ሰማይ ወይም ለስላሳ የስቱዲዮ ጀርባ ያለበትንና ብዙ የሚለወጠውን ፎቶ ግን በ16 ቢት ይተዉት፤ አለበለዚያ ቀለሙ መስመር መስመር ይሠራል።

ብጉርንና ጠባሳን ለማጥፋት ፎቶውን ማባዛት አያስፈልግም። ባዶ ሌየር ይክፈቱ፤ የሂሊንግ ብሩሹን ከላይ ባለው ሳምፕል በሚለው ቦታ ከረንት ኤንድ ቢሎው አድርገው በባዶው ላይ ይሥሩ። ባዶ ሌየር የሚይዘው የነኩትን ቦታ ብቻ ስለሆነ ፋይሉን አያከብደውም። ቀለምና ብርሃንንም በአድጀስትመንት ሌየር ያድርጉ፤ እርሱ ፒክስል የለውም፤ የሚይዘው ማስኩን ብቻ ነው።

እኔ ለፖርትሬት ያዘጋጀሁት አክሽን (ተቀድቶ በአንድ ቁልፍ የሚደገም የእርምጃዎች ቅደም ተከተል) ይህን ይመስላል። ሪከርድ ተጭኜ «ቆዳ» የሚባል ባዶ ሌየር እከፍታለሁ፤ በላዩ አንድ ከርቭስ (የብርሃን ማስተካከያ ሌየር) ጨምሬ መሐሉን ወደ ላይ በጥቂቱ እስብና ማስኩን በኮንትሮልና «አይ» ጥቁር አደርገዋለሁ፤ ስሙ «ማብሪያ» ይሆናል፤ ሁለተኛ ከርቭስ ጨምሬ መሐሉን ወደ ታች እስባለሁ፤ ማስኩን አጠቁራለሁ፤ ስሙ «ማጥቆሪያ»። ከዚያ ስቶፕ። አክሽኑን ከኤፍ ቁልፎች በአንዱ ላይ ስላሰርኩት፣ ፖርትሬት ስከፍት አንድ ቁልፍ ነክቼ ነጭ ብሩሽ ይዤ በቀጥታ ወደ ፊቱ እገባለሁ። በእጅ ሲሠራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ዝግጅት ነው፤ በ40 ፎቶ 40 ደቂቃ ነው። አክሽን ውስጥ ብለር ወይም ሻርፕን ካስገቡ ግን ቁጥሩ ለሁሉም ፎቶ ልክ አይሆንም፤ እዚያ እርምጃ ላይ ሣጥኑ ተከፍቶ እንዲጠይቅዎ ከዚያ እርምጃ ፊት ያለችውን የሣጥን ምልክት ያብሯት።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የሚመጣ አንድ ጣጣም አለ። ዊንዶውስ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ከተጫነ፣ የግራ አልትና ሺፍት አንድ ላይ ሲነኩ ቋንቋው ይቀየራል፤ ፎቶሾፕ ደግሞ እነዚህን ሁለት ቁልፎች ሲያጣምር ነው የሚውለው። ኪቦርዱ ሳያውቁት ወደ አማርኛ ይሻገርና ለብሩሽ «ቢ» ቢጫኑ ብሩሽ እምቢ ይላል። ሶፍትዌሩ የተበላሸ መስሎት በቀን ሦስት ጊዜ ዘግቶ የሚከፍት ሰው አውቃለሁ። በዊንዶውስ የኪቦርድ ማስተካከያ ውስጥ ይህን የቁልፍ ጥምረት ያጥፉትና ቋንቋ መቀየር ሲፈልጉ የዊንዶውስን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ይጠቀሙ።

የቀሩትን የፎቶሾፕ ማስተካከያዎች በፍጥነት ልለፋቸው። በኮንትሮልና «ኬ» ፕሪፈረንስ ይከፈታል። የራሙ ድርሻ ሳይነካ 70 ከመቶ ነው፤ ላይትሩምንና ክሮምን ዘግተው የሚሠሩ ከሆነ ወደ 75 ወይም 80 ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን ዊንዶውስን ያስርበዋል። ሂስትሪው 50 ነው፤ ወደ 20 ያውርዱት። ኦቶ ሪከቨሪ 10 ደቂቃ ነው፤ መብራት ለሚሄድበት ከተማ 5 ይሻላል። ስክራች ሞልቶ ፎቶሾፕ ጭራሽ አልከፈት ካለ፣ ሲከፍቱት ኮንትሮልንና አልትን ተጭነው ይያዙ፤ ስክራቹን ወደ ሌላ ዲስክ የሚያዛውሩበት ሣጥን ቀድሞ ይመጣል። የፒኤስዲ (የፎቶሾፕ ፋይል) ኮምፕረሽንን (መጭመቅን) ማጥፋት ሴቭ ማድረግን ያፈጥናል የሚለው ምክር እውነት ነው፤ ነገር ግን ፋይሉን ስለሚያሳድገው ዲስክዎ እስኪሰፋ ድረስ ለእርስዎ አይሆንም።

ግራፊክስ ካርድ የሚያስፈልግዎ በላይትሩም ውስጥ በኤአይ የሚሠራውን ዲኖይዝ (የፎቶ ነጠብጣብ ማጥሪያ) በብዛት የሚጠቀሙ ከሆነ ነው። ይህ መሣሪያ በ2023 ከመጣ ወዲህ የአዳራሽ ፎቶን አድኗል፤ ሥራው ግን የሚከናወነው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሆነ ደካማ ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ አንድ ፎቶ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ለአልበሙ ለተመረጡት ብቻ፣ ያውም ማታ ተኝተው ሳለ እንዲሠራ ይተዉት። ከላይ ያለውን ሁሉ አድርገው፣ ኤፊሸንሲው 100 ከመቶ ላይ እያለ ዲኖይዙ ብቻ ካስቸገረዎ፣ የቆጠቡት ገንዘብ ቦታው ያን ጊዜ ይገኛል።

ኤክስፖርትም ሁለት ጊዜ አይሠራ። ለማተሚያ ሙሉ መጠን፣ ለስልክ ደግሞ ረጅሙ ጎን 2,048 ፒክስል የሆነ ፕሪሴት አዘጋጅተው በኤክስፖርት መስኮት በሁለቱም ላይ ምልክት ካደረጉ ላይትሩም በአንድ ትእዛዝ ሁለቱንም ያወጣል። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ያሳንሰዋል፤ ወቀሳውም ወደ እርስዎ ይመጣል።

ካታሎጉን ሲያዛውሩ እንዲህ ያድርጉ። ላይትሩምን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። የካታሎጉን ፋይልና ፕሪቪዎቹን የያዘውን ፎልደር እንዳለ ይገልብጡ እንጂ ከት አያድርጉ፤ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ኦሪጅናሉ በቦታው መኖር አለበት። ከዚያ አዲሱ ቦታ ላይ ያለውን የካታሎግ ፋይል ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው ይክፈቱት። ሮው ፋይሎቹ ከነበሩበት ስላልተነሡ ላይትሩም ያገኛቸዋል፤ ዲስኩን ለይቶ ካጣው ደግሞ ፎልደሩ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርገው ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር በሚለው ያሳዩት። የድሮውን ካታሎግ ስሙን «አሮጌ» ብለው ይቀይሩትና አንድ ሰርግ በአዲሱ ሠርተው እስኪያስረክቡ ድረስ አይንኩት።